ወጌሻው ያወጣት ጠጠር

የልዕልትን የፊት ጥርስ የሰበረው የባሏ የይበልጣል ቡጢ ነው። ይኼ ከወዲሁ ይታወቅ፤ በኋላ ብዙ ነገር ይባላልና። ምክንያቱስ ካላችሁ፣ ምክንያት ቢሉት ምክንያት የለውም። በሬው ገመዱን በጥሶ የጎረቤት አጥር ገባ፣ ሰውየው ተናደደ፣ ሚስቱ ፊቱ ተገኘች። በዚያው ምት ግን የእሱም እጅ ተጎዳ። አብጦ አብጦ ዕርፍ መጨበጥ አቃተው፤ ጊዜው ደግሞ ሰኔ ነው። ወጌሻ ፍለጋ ቢወጣ በስማዳም በጋይንትም እንደ አያ ገብሬ ያለ የለም። አያ ገብሬ ደግሞ የልዕልት አባት ናቸው።

አምና ሲመታት ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። ያን ጊዜ አያ ገብሬ በሰው ሁሉ ፊት ተነስተው፣ «ማርያምን፣ ሁለተኛ ብትነካት ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ» አሉት። ልዕልት ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ታቅፋ ነው ስታድር የኖረችው። ሌላ ምን አላት? እናቷ ሞታለች፣ ወንድም የላትም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ እሷ ግን መጮኽም አላስፈለጋት፣ የመታትን እጅ እግዜር ራሱ ወደ አባቷ ደጅ እየነዳላት ነው። ይበልጣል፣ ሰው ቢጠይቅሽ ጥርሴን አሞኝ ነው በይ አላት። እሺ አለች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ተከተለችው። እንደማትመለስ እርግጠኛ ነበረች።

ከአያ ገብሬ አጥር ሥር ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። አንዷ ከአርብ ገበያ የመጣች ማሚቴ የምትባል ሴት ናት፤ የተሰበረ ክንዷን በሻሽ አንግታለች። አማች ነውና ይበልጣል ቀድሞ ገባ። ገብቶም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ አዳልጦኝ ድንጋይ ላይ ወደቅሁ አለ። አያ ገብሬ ሙቅ ውሃ አቀረቡ። ልዕልት በልጅነቷ ስታደርግ እንደነበረው የታማሚውን ክንድ ልትይዝላቸው ተቀመጠች።

ሽማግሌው የእጁን ጀርባ አንድ በአንድ ዳሰሱ። የትንሿ ጣት አንጓ ስርጉድ ብላለች።

«ጨብጥ» አሉት።

ልዕልት ክንዱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ነገሩ ገብቷታል። የሚወድቅ ሰው መዳፉን ዘርግቶ ነው የሚወድቀው፤ ቢሰበርም ከመዳፉ በላይ ነው። ያቺ የትንሿ ጣት አንጓ የምትሰረጉደው ጨብጦ ለመታ ሰው ነው። ይኼን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ይበልጣል ላብ እያጠመቀው ጨበጠ። እጁ ተዘርግቶ ሳለ ጭረት ብቻ የሚመስለው የመሃል ጣቱ ቁስል ሲጨብጥ አንጓው ላይ አፉን ከፈተ፤ ቆዳውና ጅማቱ አጥንቱ ላይ ሲንሸራተቱ ደብቀውት ኖሯል። መግል ወጣ። አያ ገብሬ ወረንጦ ሰደው ከመገጣጠሚያው ውስጥ አንዲት ነጭ ስባሪ አወጡ፣ መዳፋቸው ላይ አድርገው አጠቧት።

ጥርስ ናት። የልዕልት ጥርስ።

አያ ገብሬ ስባሪዋን አዩ፤ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። በቃ፣ አሁን ይነሳሉ አለች በሆዷ።

«ጠጠር ነው» አሉ።

ሽማግሌው ስባሪዋን ምድጃው አመድ ውስጥ ጣል አደረጉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ትንሿን ጣት ስበው አንጓዋን መለሷት፣ በቀርከሃ አሰሩለት። መግል ይዟልና ጤና ጣቢያ ሄዶ መርፌ እንዲወጋ መከሩት፤ የጠጠር ቁስል ክፉ ነው አሉ። ያም ዓይን አውጣ የአማቱን ጉልበት ስሞ ወጣ።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መሬቴን የሚያርሰው በሬ የእሱ ነው ልጄ። እጁ እስኪድን ወንድሙን ይልክልኛል። ዛሬ ከተጣላሁት መሬቴ ጦሙን ማደሩ ነው። አዝመራው ይግባና እናየዋለን።»

እናየዋለን! ምን ቀረና ነው የሚታየው? ይበልጣል መታት፤ ይበልጣል ባዳ ነው። ይኼኛው ግን አባት ነው፣ ያውም ዳስሶ፣ አውጥቶ፣ አጥቦ ያየ። ቡጢው እንኳ እንዲህ አላንገበገባትም። ፌስታሏን አንስታ ወጣች።

ይበልጣል አጥሩ ሥር ከሰዎቹ ጋር ቆሞ ስለ ድንጋዩ ያወራል። ልዕልት ፊቱ ሄዳ ቆመችና ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገፈፈች። ከንፈሯ አብጧል፣ ጥርሷ ጎደሎ ነው።

«ጤና ጣቢያ ስትደርስ ጠጠር ነው እንዳትላቸው» አለችው፣ ሁሉም እንዲሰማ። «የሰው ጥርስ ነው። መድኃኒቱ ሌላ ይሆናል።»

ይበልጣል የታሰረ እጁን ከጋቢው ሥር ሸሸገ። አያ ገብሬ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ማሚቴ ወደ እሳቸው ዞር አለችና፣ «አያ ገብሬ፣ በእጅዎ ይዘው አላወቁትም?» ስትል ጠየቀቻቸው።

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «ዓይኔ ደክሟል» አሉ።

«ዓይንዎስ ደህና ነው አባባ» አለች ልዕልት። «በጥማድ በሬ ነው የለወጡኝ።»

ወደ ባሏ ቤት ሳይሆን ቁልቁል መንገዱን ያዘች። ማሚቴም ያልታሸ ክንዷን አቅፋ ከተራዋ ተነሳች፤ ልዕልትንም ተከትላት ወረደች።