ልጅቱ እየተጣራች ነው

በምትሠራበት ባንክ የስልክ ክፍል «ማሪቱ» ነው የሚሏት። የተቆጣ ደንበኛ ሁሉ ወደ እሷ ይተላለፋል፤ ስልኩን የሚዘጋው መርቋት ነው። ከወለደች ወዲህ ግን ለገዛ ልጇ አንድ ቃል ከአፏ አይወጣም። ታጠባለች፣ ታለብሳለች፣ ዳይፐር ትቀይራለች፤ ሁሉንም በዝምታ።

ጎረቤት «ኮራች» አለ። ጎረቤት መቼም ካላማ አይውልም። ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ረፋድ ሕፃኗ አላባራ ስትል «አፍሽን ዝጊ!» የሚል ድምፅ ከማሪቱ አፍ ወጣ። ቁርጥ የአክስቷ ድምፅ ነበር፤ በቀበቶ እየገረፈች ያሳደገቻት የአክስቷ። እጇም እንዳይከተል ፈራች። ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ባለቀሰች ቁጥር አልጋ ላይ ታስተኛትና እንባዋን እየዋጠች ደጅ ትወጣለች።

ሊያግዟት የመጡት አማቷ በር ላይ አገኟት።

«ምነው ልጄ፣ ልጅሽ እያለቀሰች?»

«እማማ፣ እኔ ለእሷ አልሆንም። እንደ አክስቴ እሆንባታለሁ።» ያለውን ሁሉ ዘረገፈችላቸው።

«በሞትኩት» አሉ ቀስ ብለው። ምክር አልጨመሩም፤ እሳቸውን ለሚያውቅ ይህ ራሱ ተአምር ነው። ሕፃኗን አዝለው ማሪቱን ጤና ጣቢያ ወሰዷት።

ነርሷ «ልጅ ሳለሽ ስታለቅሺ ማን ያባብልሽ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃት የለም።

«ማንም» አለች ማሪቱ።

«ሕመም ነው። በልጅነታቸው የተጎዱ እናቶች ሲወልዱ ይበረታባቸዋል። ክፉ ስለሆንሽ አይደለም፤ ይታከማል።»

በየሳምንቱ እየተመላለሰች መታከም ጀመረች። እቤት ደግሞ ሕፃኗ ባለቀሰች ቁጥር አማቷ ከጓዳ «አቤት፣ እመቤቴ» ይላሉ።

«እማማ፣ አቤት የሚባለው እኮ ለትልቅ ሰው ነው።»

«ታዲያ እዚህ ቤት ከእሷ የሚበልጥ ማን አለ? ደግሞ መች አለቀሰች? እየተጣራች እኮ ነው።»

ማሪቱን እስከ ዛሬ አቤት ብሏት የሚያውቅ አልነበረም። ስትጣራ የሚመጣላት ቀበቶ ነበር።

በማግስቱ ልጅቱ ስታለቅስ የማሪቱ እግር እንደለመደው ወደ በሩ ዞረ። እንደምንም መለሰችው። «አቤት» አለች። ሕፃኗ ዝም አላለችም፤ እንዲያውም ባሰባት። የወጣው ድምፅ ግን የማሪቱ የራሷ ነበር። ደጋግማ አለችው፤ አቅፋትም እየተንጎራደደች አባበለቻት። እኚህን አማት የሰጣትን አምላክ ከልቧ አመሰገነች።

«እማዬ» ብላ ተጣራች። እንዲህ ብላ ጠርታቸው አታውቅም።

«አቤት ልጄ» አሉ አማቷ፣ እጃቸውን እያደራረቁ ብቅ ብለው። «ምን ላምጣልሽ?»

«ምንም። መጣራቴ ነው።»