የትንሿ ድስት ክዳን

«በስመአብ! ይሄ ቀለም ደግሞ በምንም አይለቅም» አለች አንዷ ሴት የድስት ክዳን በሽቦ እየፈተገች። «ምን ነክቶት ነው?»

አጠገቧ ያለችው በክርኗ ጎሸም አደረገቻትና በዓይኗ ወደ በሩ ጠቆመቻት። ፈለቀች በሩ ላይ ቆማለች። ውሃ ልትጠጣ ከድንኳኑ ተነሥታ መምጣቷ ነበር። ባሏ ወንድዬ ትናንት ተቀብሯል። የገላን ኮንዶሚኒየም ሴቶች የጋራ መገልገያው ኮሚናል ውስጥ ሆነው ለለቀስተኛው ወጥ ይሠራሉ። የእድሩ ዕቃ ስላልበቃ የእሷኑ ድስቶች ከነክዳናቸው ከሦስተኛ ፎቅ አውርደዋል። የክዳኖቹ ሁሉ ጠርዝ ዙሪያውን ቀለም ነው፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አመድማ።

«ተይው፣ አይለቅም» አለች ፈለቀች። «የመኪና ቀለም ነው።»

ይህን ስትል ከወዲያ ከአንዷ ሴት እጅ ክዳን አመለጠና ሲሚንቶው ላይ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ ተንከባለለ። ፈለቀች ጆሮዋን በነጠላዋ ይዛ፣ ውሃውንም ሳትጠጣ ወጣች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡላት። ሐዘን ነው ተባባሉ። ሐዘንስ ሐዘን ነበር፤ የትናንቱ ብቻ አልነበረም እንጂ።

ወንድዬ ሳሪስ አቦ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀቢ ነበር። እሑድ ከሰዓት ግን በረንዳው ላይ ሰማይ ይቀባል። አሠራሩ ለማየት የሚያስቅ ነው፤ ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ ቀለም ያፈሳል፣ የድስት ክዳን ይደፋበታል፣ በላዩ ጥቁር ይረጫል። ክዳኑን ብድግ ሲያደርገው ከጨለማው መሐል ፕላኔት ቁጭ ብሎ ይገኛል። ከዋክብቱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበትናቸዋል።

«አንተ ዓለም ስትፈጥር የኔ ወጥ ክዳን አጥቶ ቀረ እኮ!» ትለዋለች ፈለቀች።

«አንድ ፕላኔት ብቻ ቀርቶኛል፣ ታገሺኝ» ይላታል። አንዱ ግን አያልቅም።

የወረዳው ቤተ መጻሕፍት ሥዕሎቹን ግድግዳው ላይ ሊሰቅልለት የፈቀደ ጊዜ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ከፊቷ ቆመ።

«እንሂድ ተነሽ። እዚያ የምታዪያት ሰው አለች።»

«ማናት ደግሞ?»

«መጥተሽ እያት።»

«ሴት ልታሳየኝ ነው እስከዚያ ድረስ የምታንከራትተኝ? ሂድ፣ ከሷው ጋር ተመልከቱት!»

ወንድዬ ሊስቅ ጀመረና ተወው። ብቻውን ሄደ። ሳምንት ሳይሞላው ጋራዡ ውስጥ ግማሽ ጎኑ ከተቀባ ሚኒባስ አጠገብ ተደፍቶ አገኙት። ልቡ ነው አሉ።

አሁን ያቺ «ሰው» የፈለቀችን ልብ ሰርስራ ገብታለች። ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ በገባች በወጣች ሴት ሁሉ ላይ ዓይኗ ይሰካል። ይቺ ትሆን? ይቺስ ለምን ይሄን ያህል ታለቅሳለች? ወደ ቤት ስትወጣ ደግሞ ሌላ ነው። መስኮቱ ቢከፈት፣ በሩ ቢከፈት ቤቱ ቲነር ቲነር ይሸታል። የበረንዳው ወለል በርጭት ጠቁሮ፣ ክዳኖቹን እንዲደርቁ የሚያኖርበት ብቻ ክብ ክብ ሆኖ ነጭ ቀርቷል። ሰዎች ተነሥተው የሄዱበት መቀመጫ ይመስላል። ፈለቀች እዚያ ነጩ ላይ መርገጥ ፈራች።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ቀጭን ወጣት ጥቁር ሻሽ አስራ ገባች፤ ጉንጯ በእንባ ርሷል። ፈለቀች ከፍራሹ ቀና አለች።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ። ናፍቆት እባላለሁ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነኝ።»

«አንቺ ነሻ?» አለች ፈለቀች።

«እኔ ምን?»

የልጅቷ ዓይን ውስጥ የተደበቀ ነገር አልነበረም። ፈለቀች አፈረች።

«ምንም፣ ልጄ። ተቀመጪ።»

ናፍቆት እየተሳቀቀች የመጣችበትን ነገረቻት። ግድግዳው ለሌላ ዝግጅት ስለተፈለገ ሥዕሎቹ ነገ ከሰዓት ይወርዳሉ። «እሱ እንደሰቀላቸው ሳይነኩ ቢያዩዋቸው ብዬ ነው እንጂ፣ እኛስ እናመጣቸዋለን» አለች።

«ወይ ጉድ! ባሏን ቀብራ ሥዕል ልታይ?» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት እማማ ፀሐይቱ። «ሐዘንተኛ ከቤቷ አትወጣም፣ ልጄ። ሰው ምን ይላል?»

ፈለቀች ቀኑን ቆጠረች። ነገ ሠልስት ነው። ከሰዓት በኋላ ያ ግድግዳ ባዶ ይሆናል፤ ያቺ ሴት ማን እንደሆነች የሚነግራት አይኖርም።

አመሻሽ ላይ የወንድዬ የሥራ ባልደረባ ጉዲሳ የሟቹን የዕቃ ቦርሳ ይዞ መጣ። «ጋራዥ ከሚቀመጥ ብዬ ነው፣ እህቴ» ብሎ እግሯ ሥር አኖረው። የቲነሩ ሽታ ፊቷን መታት። ቦርሳውን ወደ መኝታ ቤት ወስዳ ከፈተችው። የቀለም መርጫው፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የጥርስ ብሩሾቹ። ከሥር፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ የአሉሚኒየም ክዳን። ጠርዙ ላይ አንድ ስርጉድ አለው።

ፈለቀች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ልጃቸው እድላዊት አጥሚቷ እስኪበርድ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ይህን ክዳን በማንኪያ ትደልቅ ነበር፤ ስርጉዱም የሷ ሥራ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ትኩሳት ወሰዳት። ሌላ አልወለዱም። ፈለቀች የልጅቷን ልብስና የአጥሚቷን ድስት ሰብስባ ለነዳያን ሰጠች። «ስሟ እዚህ ቤት እንዳይጠራ» አለች። ክዳኑን ስትፈልገው ወንድዬ «ጠፋ» አላት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ እንዳይሰማ በክዳኖቿ መሐል ጨርቅ እያነጠፈች ነው የምትደረድራቸው። እሱም ቃሏን አክብሮ የልጁን ስም አንድ ቀን አልጠራም።

በሠልስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ለቀስተኛው ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሲታጠፍ ፈለቀች ቀጥ ብላ ሄደች።

«ፈለቀች! ወዴት ነው?» አሉ እማማ ፀሐይቱ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። እርስዎ ይግቡ፣ እደርስብዎታለሁ።»

እማማ ግን ሐዘንተኛ ብቻዋን አይለቁም፤ እያጉረመረሙ ተከተሏት። ሌሎቹም ተከተሉ። ጥቁር የለበሱ ሴቶች ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሲተሙ አንባቢዎቹ መጽሐፋቸውን እየከደኑ ብድግ አሉ። እማማ ፀሐይቱ ሥዕሎቹን ሲያዩ «ወይኔ ወን...» ብለው ጀመሩ። ናፍቆት የሥራ ልማዷ ሆነና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ወዲያው ደንግጣ አወረደችው። እማማ ግን ለቅሷቸውን ዋጡት። ሴቶቹ ሁሉ ድምፅ ሳያወጡ ትከሻቸው ብቻ እየተንቀጠቀጠ አለቀሱ።

ፈለቀች ግድግዳውን ተከትላ ሄደች። ቀዩ ፕላኔት የሽሮ ድስቷ ነው። ያ ባለ ቀለበቱ ግዙፍ፣ የፋሲካው ዶሮ የሚሠራበት ትልቁ ድስት። ሁሉንም በስፋታቸው አወቀቻቸው። ጨለማው ግን ጥልቅ ነው፤ የገባበት የማይመለስ ይመስላል። በየሥዕሉ ጥግ ደግሞ አንዲት ትንሽ፣ ብርቱካንማ ጨረቃ አለች፤ በረንዳው ላይ ሲቀባ ፈለቀች ልብ ብላ አይታት አታውቅም። ጠርዟ ላይ ስርጉድ አላት።

«ይቺን ጨረቃ ለምን ሁሉም ላይ እንደሚያደርጋት ጠይቄው ነበር» አለች ናፍቆት በሹክሹክታ።

«ምን አለሽ?»

«‹እናቷ ስትመጣ ትነግርሻለች› አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ...»

ፈለቀች ግድግዳውን ያዘች። ናፍቆት ደገፈቻት። ይሄ ሁሉ ዓመት ሰውዬው የእድላዊትን ስም ሳይጠራ በየእሑዱ ልጁን ሲጠራ ኖሯል፤ መጥተሽ እያት ሲላት ደግሞ እሷ ቀናችበት። ይህን ልትነግረው ፈለገች። የምትነግረው ሰው የለም።

ከነጠላዋ ሥር ክዳኑን አወጣች። ጨረቃዋ ላይ አኖረችው፤ ስርጉዱም ከስርጉዱ ገጠመ። በአንድ እጇ እንደያዘችው፣ በሌላው እጇ ላይ ባለው የጋብቻ ቀለበት ክዳኑን ቀስ ብላ መታችው።

ኳ።

ጸጥ ያለው አዳራሽ ውስጥ ማንም ዝም በይ አላላትም። ደግማ መታችው።