የሾፌሩ ደም ግፊት

"መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር" አለች ነርሷ፣ ክንዱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ሳትፈታ። "ጋሼ፣ ይሄ ሦስተኛ ጊዜዎ ነው። ዛሬም ካልወረደ መንጃ ፈቃድዎ አይታደስም።"

የአውቶቡስ ሾፌሩ መለኪያው ላይ አፈጠጠ። ትናንት ሚስቱ ከጎረቤት በተዋሰችው መሣሪያ ስትለካው መቶ ሃያ ነበር፤ ከትናንት ወዲያም እንደዚያው። እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን ደሙ እንደተጣደ ወተት ይገነፍላል። መድኃኒቱን ውጧል፣ ጨው ትቷል፣ ነጭ ሽንኩርት እያላመጠ በጠረኑ ልጆቹን ከቤት ሊያስወጣቸው ምንም አልቀረውም። ሃያ ሁለት ዓመት የነዳ ሰው የእጅ ሰዓት በምታህል መለኪያ ሊሸነፍ! ደክሞታል፤ ደህና ነኝ ማለቱ ራሱ አድክሞታል።

"ቤቴ ስለካ ደህና ነኝ እኮ ሲስተር።"

"እንግዲያው ሐሳብ ነው። ሐሳብ ደም ያፈላል። እዚህ ሲመጡ ምንድን ነው የሚያስቡት?"

"ምንም።"

"ምንም መቶ ሰማንያ አያደርስም።"

ሳይወድ ሳቀ። እሷም ከጧት ጀምሮ ቆማ ውላ እግሯ አብጧል፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አለመቸኮሏ ነው መሰል አፉን ያስከፈተው።

"አምና ተሳፋሪ ሞልቼ ስነዳ እንቅልፍ ጣለኝ። ስባንን ተማሪዎች መንገድ እየተሻገሩ ነው። ከመጨረሻዋ ልጅ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆምኩ። ማንም አልተነካም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ተሳፋሪውማ ጎበዝ ሾፌር ብሎ መረቀኝ።" "ይሄን ፈቃድ ባሰብኩ ቁጥር ያቺ ልጅ ፊቴ ድቅን ትላለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከእንግዲህ መሪ መጨበጥ አልፈልግም። አልነዳም።"

ነርሷ ጨርቁን እንደገና ነፋችው። መቶ ሃያ አምስት በሰማንያ።

"ይኸው ወረደልዎ!" ደስታዋ የእውነት ነበር። ማኅተሙን አነሳች። "አልፈዋል።"

አልነዳም ቢል ጊዜ የወረደው ደም ንዳ ብሎ ፈቀደለት። ከበሩ ውጭ ሚስቱ ቆማ ትጠብቃለች። የሦስት ልጆች ጉሮሮ ያለው እዚህ ወረቀት ላይ ነው። ይሄን ሁሉ ያውቃል።

ማኅተሙ ሊያርፍበት በነበረው ቦታ ላይ መዳፉን አስቀመጠ።

"ቆዪ ሲስተር። መጀመሪያ ሚስቴን ጥሪልኝ፤ እንደማልነዳ ከእኔው አፍ ትስማው።"