ገዳዩ ሰዓቱን ሲያወልቅ

ገዳዩ ሰዓቱን አወለቀ። መስታወቱን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠው፤ እጅጌውን ሰበሰበና ቢላውን አነሳ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

"ደም እንዳይነካበት ነው" አለ ከኋላ አንዱ። "ገና ዕዳውን ከፍሎ አልጨረሰም መሰለኝ።"

ሐያሲው አልሳቀም። ሐያሲው የሚሉት ጓደኞቹ ናቸው፤ እንጀራው ስልክ መጠገን ነው። በተረፈው ጊዜ ግን ርካሽ የገዳይ ፊልም እያደነ ያያል፤ የኢንተርኔት ገጹ ላይም በኮከብ ፈንታ ከአምስት ቢላ ነጥብ ይሰጣል። ምላሱ ከቢላው በላይ ስለሚቆርጥ ተከታዩ ብዙ ነው። ዛሬ ለሙከራ የሚታየው ግን የታናሽ ወንድሙ ፊልም ነው።

እውነቱን ለመናገር ፊልሙ ከርካሽም ርካሽ ነበር። የተቀረጸው ባላለቀ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ደሙ የቀይ ሥር ጭማቂ፣ ጭንብሉ የአሮጌ መኪና ወንበር ቆዳ። ከሞተች የቆየች ልጅ ዝንብ ሲያርፍባት ፊቷን ትጨመድዳለች። ሐያሲው እንዲህ ያለውን ይወዳል። "ውድ ፊልም ውስጥ የሚሞተው ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር ነው" ይላል ሁልጊዜ። የሚወድበት ሌላም ምክንያት አለው፤ እሱን ግን ጽፎት አያውቅም። እንዲህ ባለ ፊልም ገዳዩ መጨረሻ ላይ ይሞታል፣ መብራት ይበራል፣ ሰው ተነስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሱ በልጅነቱ የሚፈራው ቤቱን ነበር።

ፊልሙ ላይ ሰዓቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወልቅ የወንበሩን ክንድ ጨበጠ። አባታቸው ልክ እንደዚህ ነበር የሚያደርገው። ቀበቶውን ከመፍታቱ በፊት ሰዓቱን አውልቆ፣ እንዳይሰበርበት ተጠንቅቆ፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። የብረት ማሰሪያው እንጨቱን ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ልጆቹን ከዱላው በፊት ያስለቅሳቸው ነበር።

አባትየው ሁለት ወንበር አለፍ ብሎ ከእናትየው ጎን ተቀምጧል። ከሰው ሁሉ በላይ የሚስቀው እሱ ነው፤ እንባውን ይጠርጋል።

ሲያልቅ የአዳራሹ ባለቤት በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። "ሰዓት የሚያወልቅበትን በሙሉ አውጡልኝና ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሬ አሳያለሁ" አለች። "ካልሆነ ይቅርብኝ። ሰው በሳቅ እንጂ በፍርሃት አይሞትም።"

ታናሹ ሐያሲውን ወደ ጥግ ሳበው። ለዛሬ ብሎ የተኮሰው ሸሚዝ በላብ ተጣብቋል።

"እስቲ ንገረኝ። እንደ ወንድም ሳይሆን እንደ ሐያሲ።"

"ደምህ ውሃ ነው። የካሜራውም ጥላ ግድግዳው ላይ ይታያል።"

"ሰዓቱስ?"

ሐያሲው ወደ አባታቸው ዞር ብሎ አየ።

"ቤታችን ውስጥ አንድም ሰው ወሬውን አንስቶ አያውቅም" አለ ታናሹ። "አንዳንዴ ከራሴ የፈጠርኩት ይመስለኛል። አንተ ቁረጠው ካልክ ዛሬውኑ እቆርጠዋለሁ።"

ወደ ቤት ሲሄዱ እናትየው የትልቁን ልጇን ክንድ ይዛ ሆን ብላ ወደ ኋላ ቀረች።

"ቁረጠው በለው።"

"የቱን?"

"የቱን እንደሆነ ታውቃለህ። የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም። አባትህ አርጅቷል፤ ልቡም ደክሟል።"

"እሱ እኮ አላወቀውም እማዬ። ሲስቅ አላየሽውም?"

"አይቻለሁ። እንኳንም አላወቀ።" ጥቂት ከሄዱ በኋላ ጨመረች። "እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የጨረስኩት።"

እሱም ቁረጠው ሊል ወሰነ። ፊልሙ ይታያል፣ እናቱ ሰላም ታገኛለች፣ ሽማግሌውም እንደተከበረ ይኖራል። ውሳኔው ደግ ይመስል ነበር፤ አፉን ግን መረረው።

ምሳ ሲቀርብ አባትየው ስለ ፊልሙ ማውራት አላቆመም። "ጎበዝ ነህ፣ አልዋሽህም" አለው ታናሹን። "ግን ሰውየው ለምንድን ነው የሚገድለው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የሆነ ቂም ብትፈልግለት ኖሮ ያምርልህ ነበር።" ይህን ብሎ እጁን ሊታጠብ ተነሳ። ሰዓቱን አወለቀና መስታወቱን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ማሰሪያው እንጨቱን ነካ።

የእናትየው ጭልፋ አየር ላይ ቀረ። ታናሹ አንገቱን ሰበረ፤ ጢም ያወጣ ሰው ሆኖ ትከሻው ጆሮው ድረስ ወጣ። ሐያሲውም ሳያስበው ወንበሩን ከጠረጴዛው ወደ ኋላ ገፋ። በዕድሜው ካያቸው ፊልሞች አንዱም እንዲህ አድርጎት አያውቅም።

አባትየው እጁን እያደራረቀ ተመለሰ። "ምን ሆናችኋል? የሞተ ሰው ያያችሁ ትመስላላችሁ።" ወደ ትልቁ ልጁ ዞረ። "እሺ ሐያሲው፣ ስንት ቢላ ሰጠኸው?"

"ሁለት።" ሐያሲው ወንድሙን አየው፤ ትከሻው ገና አልወረደም። "ደሙን አወፍረው፤ ጥላውንም አውጣ። ሰዓቱን ግን እንዳትነካው።"

"የአዳራሹ ባለቤት አላሳይም ብላለች እኮ" አለ ታናሹ ቀስ ብሎ።

"አታሳይ።"

አባትየው ሳቀ። "ሰው ሁሉ የሳቀው እሱ ላይ አይደል እንዴ? ሰዓት ማውለቅ ምኑ ነው የሚያስፈራው?"

እናትየው ትልቁን ልጇን እንዳይናገር በዓይኗ ለመነችው። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ ሰዓቱን አነሳ። በሕይወቱ ነክቶት አያውቅም ነበር፤ ያሰበውን ያህል አይከብድም። ለአባቱ አቀበለው።

"መጀመሪያ እጅዎ ላይ ያድርጉት አባባ" አለ። "ከዚያ ምኑ እንደሚያስፈራ እነግርዎታለሁ።"