ለጥርስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ኮልፌ ገበያ ቅቤ ከሚቸረችሩት ሴቶች ውስጥ እንደ አልማዜ የሚስቅ አልነበረም። አፏን ሳትሸፍን፣ ከት ብላ ነው የምትስቀው። ለምንስ ትሸፍን? በላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ መሃል እግዚአብሔር ተጠንቅቆ የለካት የምትመስል ፍንጭት ነበረቻት። ቅቤ ፈላጊው ሁሉ መጀመሪያ ፍንጭቷን ያያል፤ ቅቤውን የሚያሸተው ከዚያ በኋላ ነው። አናጢው ባሏ ሰብስቤም «ምኗን አይተህ አገባሃት?» ሲባል፣ «በሯን ገርበብ ብሎ ባገኘሁት ጊዜ ገባሁ፤ ከዚያ መውጫው ጠፋኝ» እያለ ሰፈሩን ያስቅ ነበር።

ልጃቸው ዓለም የወተት ጥርሷን ጥላ አዲሶቹ ሲበቅሉ፣ ያቺው ፍንጭት ከነስፋቷ ብቅ አለች። ሰብስቤ ያን ቀን መዶሻውን ጥሎ፣ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ጎረቤት ለጎረቤት ዞረ። «እዩልኝ፣ የእናቷን ወርሳለች!» ይላል፣ ጋሻ መሬት የወረሰች ይመስል። እውነቱን ለመናገር፣ ድሃ ለልጁ ከሚያወርሰው ነገር ሁሉ ይቺ አትናቅም። ሌባ የማይደርስባት፣ ግብር የማይጠየቅባት ውርስ ናት።

እናትና ልጅ በፍንጭታቸው ያፏጩም ነበር። አልማዜ ከገበያ ስትመለስ ከቤቱ ጀርባ ባሉት ባሕር ዛፎች ሥር ቆም ትልና፣ ምላሷን ፍንጭቷ ላይ አስደግፋ አንዴ ታፏጫለች። ዓለም ከቤት ውስጥ በራሷ ፍንጭት ትመልሳለች። «ሴት ልጅ ማፏጨቷ ነውር ነው» የሚሉ ጎረቤቶች አልጠፉም። ማን ሰምቷቸው! የእናትየዋ ፉጨት «መጣሁ» ማለት ነበር፤ የልጅቷ ደግሞ «አለሁ»።

ባሕር ዛፎቹን የተከላቸው ሰብስቤ ነው፣ ዓለም በተወለደች ክረምት። «እነሱም ያድጋሉ፣ እሷም ታድጋለች» ይል ነበር። ግን ሁለቱንም ሳያይ ቀረ። አንድ የመንጋጋ ጥርሱ ታሞበት ገበያ ውስጥ በጉጠት አስነቀለው። በማግስቱ ጉንጩ አበጠ፤ ከዚያ አንገቱ፤ ከዚያ ጉሮሮው ተዘጋ። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት «ዘገያችሁ» ተባለ። ምሰሶ ብቻውን የሚያቆም ያ ጎበዝ በአንድ ጥርስ ሞተ። ከዚያ ወዲህ አልማዜ «ጥርሴን» የሚል ሰው በሰማች ቁጥር «ሐኪም ቤት ሂድ» ሳትለው አታልፍም።

የሰብስቤ ታላቅ እህት የሺእመቤት፣ ባሏ ሮም ሹፌርነት ተቀጥሮ፣ እዚያው ትኖር ነበር። ለለቅሶው መጥታ ልጅቱን አየችና፣ «የወንድሜን ልጅ ወስጄ ላስተምራት» አለች። አልማዜ አልቅሳ ሰጠች። የሰጠችው ግን አንድ ሐሳብ በልቧ ይዛ ነው። ዛፎቹ ለአጠና ሲደርሱ ትሸጣቸዋለች፤ በገንዘቡ የአውሮፕላኑን ትከፍላለች፤ ዓለም ለእንግድነት ሳይሆን ለመኖር ትመጣለች፤ ዛፎቹ የነበሩበት ቦታ ላይ አንዲት ክፍል ይሠራላታል። ቅቤ ስትመዝንም ስትጸልይም የምታስበው ይህንኑ ነበር። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት።

ዛፎቹም ደረሱ። የአጠና ተራው ነጋዴ ዱባለ እየመጣ ግንዳቸውን በክንዱ እየለካ ዋጋ መናገር በጀመረበት ክረምት፣ የሺእመቤት ለራሷ ጉዳይ አዲስ አበባ መጣች። ዓለምን አላመጣቻትም። ጭቃ እንዳይነካት ቀሚሷን ሰብስባ አልማዜ ቤት ገባችና፣ ገና ሳትደላደል ወደ ነገሯ ሄደች።

«ዓለም ደህና ናት፤ በትምህርቷም ጎበዝ ናት። ብቻ ጥርሷ ነው።»

አልማዜ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ጥርሷ ምን ሆነ፣ እትዬ?»

«በሽቦ መታሰር አለበት ይላል ሐኪሙ። አሁን፣ በልጅነቷ ነው የሚሆነው፤ ካለፈ በኋላ አይሆንም። ዋጋው ደግሞ ጉድ ነው፣ አልማዜ! ከዚህ ሆኖ ለሚያየን ባለጸጋ እንመስላለን እንጂ፣ የሰው አገር ኪራዩ፣ ምግቡ፣ የብርዱ ልብስ... ምን ልበልሽ። እዚያ የልጅ ጥርስ ማሳሰር ቤት ከማሠራት አይተናነስም። ግማሹን እኛ እንወጣው፤ ግማሹን አንቺ ትረጅን እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ያማታል?»

«ታለቅሳለች» አለች የሺእመቤት። «ከትምህርት ቤት ስትመለስ እያለቀሰች ነው የምትመጣው።»

የሺእመቤት አልዋሸችም። ልጅቱ እውነትም ታለቅስ ነበር። አልማዜ ለምን እንደምታለቅስ አልጠየቀችም። ምኑ ይጠየቃል? እባብ ያየ በልጥ በረየ። በዓይኗ ላይ የመጣባት ያ ያበጠ የሰብስቤ ጉንጭ ነው። ያልታመመ ጥርስ ለማሳከም የቤት ዋጋ የሚያወጣ ሕዝብ በምድር ላይ አለ ቢሏትስ መቼ ታምናለች! ማንስ ነግሯት!

«ዛፎቹን እሸጣለሁ» አለች ወዲያው። «ብቻ ልጄን አድኑልኝ።»

«አድኑልኝ» የሚለው ቃል የሺእመቤት ጆሮ ገብቷል። ቀና ብላ አልማዜን አየቻት፤ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈት አደረገች፤ ከዚያ «እግዜር ይስጥልን» ብቻ አለች።

ዱባለ በማግስቱ ሰዎቹን ከነመጥረቢያቸው ይዞ መጣ። እሱ ነጋዴው እንኳ አሳዘነችው መሰለኝ፣ «አልማዜ እህቴ፣ አንድ ዓመት ብትታገሺኮ ይወፍራሉ፤ ዋጋቸውም ከፍ ይላል» አላት።

«ጥርስ ዓመት አይታገሥም፣ ጋሽ ዱባለ። እኔ አውቀዋለሁ።»

ዛፎቹ አንድ በአንድ ሲገነደሱ ቤት ውስጥ ሆና ጆሮዋን በነጠላዋ ይዛ ነበር።

አልማዜ ጴንጤ ናት። በዚያን ጊዜ ጴንጤ በአደባባይ ተሰብስቦ መዘመር አይፈቀድለትም ነበርና፣ የኮልፌዎቹ ገመቹ በሚባል ሸማኔ ቤት መጋረጃ ጋርደው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚጸልዩት። አልማዜ እዚያ ሄዳ፣ «የአባቷ በሽታ ልጄን ያዛት» ብላ አለቀሰች። ምስኪኖች! ጾም ያዙ። ጎረቤቷ ወርቄ ሕፃን እያጠባች እንኳ ምሳዋን ተወች። ገመቹ ተንበርክኮ፣ ሮም ከተማ ያለውን የጥርስ በሽታ ከዚህ ከኮልፌ ሆኖ ገሠጸው። በዚያ ቤት ስለዚያ ጥርስ የፈሰሰው እንባ እንኳን ለጥርስ ለአገርም ይበቃ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ የሺእመቤት በመንገደኛ ሌላ መልእክት ላከች። ሽቦው በየጊዜው መጥበቅ አለበት፤ ሐኪሙ ደግሞ ያለ ገንዘብ ዞር ብሎ አያይም። በዚህኛው ጊዜ አልማዜ የዛፎቹን ቦታ ራሱን፣ የዓለም ክፍል ሊሠራባት የታሰበችውን መሬት፣ ለዱባለ ሸጠችለት። ዱባለ ወዲያው አጠረው። ከጉቶዎቹ ቀንበጥ ሲያቆጠቁጥ አልማዜ በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች። ባሕር ዛፍ ደግነቱ ቢቆርጡትም መልሶ ይበቅላል፤ አሁን የሚበቅለው ግን ለሰው ነው።

ያም ሆኖ ሳቋ አልጎደለም። ገበያ ውስጥ «ምነው፣ ዛፍሽንም መሬትሽንም ጨረስሽ አሉ» ሲሏት፣ «ልጄ ተርፋልኛለች፤ መሬቱ ገደል ይግባ!» ብላ ከት ትል ነበር። አትፍረዱባት። እውነት መስሏት ነው።

ከዚያ በአንድ ክረምት፣ የሺእመቤት ከባሏ ጋር ለዕረፍት ስትመጣ፣ ዓለምን ይዛት መጣች። ልጅቱ ረዝማለች፤ አማርኛዋ ተሰባብሯል። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አልማዜ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ ጉንጯን ግራና ቀኝ ዳበሰቻት። አላበጠም። መንጋጋዋን ጫን ጫን አደረገችው።

«ያምሻል?»

«አያመኝም፣ እማዬ።»

አልማዜ ለዚህ ቃል ስንት ዓመት ጾማለች። በዚያ ሁሉ እንባ መካከል ጥርሷን ልብ ብላ አላየችውም። ልጅቱም ሰውና አገሩ እንግዳ ሆኖባት ከንፈሯን ገጥማ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ነበር። በገመቹ ቤት ልማድ፣ ጸሎቱ የተመለሰለት ሰው ተነሥቶ በሁሉ ፊት ይመሰክራል። አልማዜ ይህን ቀን ስትናፍቅ ነው የኖረችው። ተነሣች። የሰብስቤን አሟሟት ተናገረች፤ ጾሙን አስታወሰቻቸው። የዛፎቹንና የመሬቱን ነገር ግን ልጇ እንዳትሰማ ዘለለችው። ከዚያ ዓለምን በእጇ ስባ ከጎኗ አቆመቻት።

«አፍሽን ክፈቺ፣ ልጄ። ጌታ ያደረገውን ይዩልኝ።»

ዓለም አፈረች፤ ከዚያ ፈገግ አለች። ጥርሶቿ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ አንዱ ከአንዱ የተጋጠሙ ነበሩ። በመሃላቸው ክር እንኳ አያልፍም።

«ሃሌ ሉያ» ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ከኋላ ስለተቀመጠ አላየም።

«ፍንጭቷስ?» አለች ወርቄ፣ ሳታስበው አምልጧት።

«ዘጉት» አለች ዓለም። ሰዎቹ ያልገባቸው መሰላትና በተሰባበረ አማርኛዋ አብራራች። «ሽቦው ለእሱ ነው። ትምህርት ቤት ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። ጥርስሽን ማን ሰረቀሽ ይሉኛል። አሁን አይሉኝም።»

«በሽታውስ?» ሲል ገመቹ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«የምን በሽታ? እኔ አሞኝ አያውቅም።»

ሰዉ ሁሉ ወለሉን ማየት ጀመረ። ገመቹ ደግ ሰው ነውና፣ «እንግዲህ ጤነኛ ናት፣ ጌታ ይመስገን» ብሎ መዝሙር አስጀመረ። አልማዜ እጇ የልጇ ትከሻ ላይ እንዳለ ቆማ ቀረች። ሐፍረቱ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው ሐዘን ነበር፣ የለቅሶ ቤት ሐዘን። ያ ሌባ የማይደርስባት የተባለች ውርስ ገንዘብ ተከፍሎባት ጠፋች። ከፋይዋም እሷው ናት። በገዛ ዛፏ፣ በገዛ መሬቷ፣ የራሷን መልክ ከልጇ ፊት ላይ አስፍቃለች።

ሰኞ ዕለት የሺእመቤት ያረፈችበት ቤት ድረስ ሄደች።

«እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ» አለች የሺእመቤት። «ብነግርሽስ ኖሮ ትሰጪ ነበር?»

«አልሰጥም ነበር።»

«እንግዲያውስ ምን ላድርግ? ስታለቅስ የምታመሸው እኔ ቤት ነው፣ አልማዜ። አንቺ ቤት አይደለም።»

ሰው ውሸት ሲነግርህ ተሟግተህ ይወጣልሃል፤ እውነት ሲነግርህ ግን ይዘኸው ትገባለህ። አልማዜም ይዛው ገባች።

ከልጇ ጋር የቀሯት ቀኖች ደህና ነበሩ ማለት ይቻላል። አብረው በሉ፤ አብረው ተኙ። ዓለም አንድ ጊዜ የዱባለ አጥር ጋ ቆማ፣ «ዛፎቼስ?» አለች።

«ቤቱን አጨለሙብኝ፤ አስቆረጥኳቸው።»

«ወይኔ! እወዳቸው ነበር እኮ» አለች፣ እናቷን ቅር ብሏት እያየች። አልማዜም ወቀሳውን ተቀበለች። ሌላ ቀን፣ ራሷን እያበጠረችላት ሳለ፣ ልጅቱ ቀና ብላ አፏን አየችና በፍቅር እንዲህ አለቻት፦ «እማዬ፣ የአንቺንም ለምን አናሠራውም? ብዙ አያምም።»

አልማዜ ሳቀች። ሲስቅ የነበረው አፏ ግን በእጇ ተሸፍኖ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያም ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ደንበኞቿ ምን እንዳገኛት አላወቁም።

ዓለም ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ አልማዜ ቅቤዋን በጊዜ ጨርሳ ተመለሰች። የዱባለ አጥር ጋ ስትደርስ እግሯ በልማዱ ቆመ። ዙሪያዋን አየች፤ ሰው የለም። ምላሷን ፍንጭቷ ላይ አስደግፋ አፏጨች።

ጠበቀች። ከቤት ውስጥ ድምፅ የለም። «ረስታዋለች» አለች በልቧ፤ ልጅ ነችና ብትረሳም አይፈረድባትም። ደግማ አፏጨች። አሁንም ዝም። ባዶውን የቅቤ ቅል ወደ ሌላው ክንዷ አዛውራ ልትሄድ ስትል በሩ ተከፈተ።

ዓለም ደጃፉ ላይ ቆማለች። ጉንጮቿ ተነፍተዋል፤ ምላሷን ጥርሶቿ ላይ ገፍታ፣ የአንገቷ ሥር እስኪገታተር ትተነፍሳለች። የሚወጣው ባዶ ትንፋሽ ብቻ ነው። ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል።

«ሰምቼሻለሁ፣ እማዬ» አለች። «ቅድምም ሰምቼሻለሁ። እየመለስኩልሽ ነበር። አልወጣ አለኝ።»