«አይከፈት» የተባለው ጠርሙስ

የኬሚስትሪ መምህሩ የሟች ሚስቱን ሻሽ ቁም ሣጥን ውስጥ አላስቀመጠም። አፉ ሰፊ የሆነ የላቦራቶሪ ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ፣ በመስታወት ክዳን ገጥሞ፣ የክዳኑን ዙሪያ ቅባት ቀብቶ፣ «አይከፈት» የሚል ወረቀት ለጠፈበት። ሰው ቢሰማ አበደ ይላል፤ ለእሱ ግን ሥራው ነው። የሚተን ነገር የሚቀመጠው እንዲህ ነው።

ሻሹ ጠረኗን ይዟል፤ የፀጉር ቅባቷንና የአንገቷን። ልጃቸው ሌላ ከተማ አራስ ነበረችና ለቀብሩ አልደረሰችም። በስልክ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው።

«አባዬ፣ የእማዬ ጠረን እንዳይጠፋ። እስክመጣ።»

«ጠረን ማስቀመጥ ለኔ ነው የምታስተምሪው?» አላት።

ተማሪዎቹ «ጋሽ አፍንጫ» ይሉታል። ዓመቱ ሲጀመር «ጠርሙስ ላይ አፍንጫ አይደፋም፤ ራቅ አድርጋችሁ በእጅ እያራገባችሁ፣ ጥቂት ብቻ ወደ ራሳችሁ» ብሎ ያስተምራል። እነሱ ወጣ ሲሉ፣ ወረቀቱ የተላጠ ጠርሙስ ያነሣና፣ ምን እንደያዘ ለመለየት አፍንጫውን ደፍቶ ይስባል።

«ኧረ ጋሼ፣ አንድ ቀን ይደፋዎታል!» ትለዋለች የላቦራቶሪ ረዳቷ።

«የኔ እመቤት፣ ይሄ አፍንጫ ስንቱን አሲድ ቀብሯል።»

ልጁ ልትመጣ ስትል ጠርሙሱን ከፈተ። አራገበ። ምንም። አፍንጫውን ደፋ። ምንም። ክዳኑ አስተንፍሶ ኖሯል ብሎ ራሱን ሲረግም ዋለ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረውን አደረገ፤ ባዶ ጠርሙስ በቀድሞ ስሙ አይቀመጥም፣ ይታጠባል፣ ወረቀቱም ይላጣል። «ንጹሑን እንኳ ልስጣት» አለና ሻሹንም እያለቀሰ በሳሙና አሸው። ገመድ ላይ ሰጣው።

በማግስቱ አንድ ተማሪ ጋዝ መምጠጫው ሣጥን ውስጥ መሥራት የነበረበትን ሙከራ ጠረጴዛው ላይ ሠራው። ክፍሉ በሙሉ አፍንጫውን ያዘ።

«እንቁላል የበላ ራሱን ያጋልጥ!»

«ያልሸሹት ጋሼ ናቸው!»

ሳቁ ቤቱን ሞላው።

«ምን ሆናችሁ?» አለ መምህሩ።

«አይሸትዎትም እንዴ? የገማ እንቁላል እኮ ነው!»

ያ ጋዝ ከበዛ ይገድላል። «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!» ብሎ ጮኸ። የመምጠጫውን ማብሪያ ተጭኖ፣ ሁሉንም አስወጥቶ፣ በሩን ከኋላው ዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ረዳቷን አገኛት።

«ሽቶ ተቀብተሻል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ዛሬስ አበዛሁት፤ ሁሉም ሲስቅብኝ ነው የዋለ።»

ወደ እጇ ጎንበስ አለ። ምንም። ክዳኑ አላስተነፈሰም ነበር።

ወደ ቤቱ ሮጠ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ የታጠበ ሻሽም አይመለስም፤ ግን ሮጠ። ልጁ ቀድማው ደርሳ፣ ሕፃኗን እንዳዘለች ገመዱ ሥር ቆማ ፊቷን ሻሹ ውስጥ ቀብራ ነበር።

«አባዬ፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።»

«ጠርሙሱ ደህና ነበር፣ ልጄ። አፍንጫዬ ነው የሞተው። እኔ እሷ የጠፋች መስሎኝ…»

አልጮኸችበትም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ሰጠችው፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ናት። እሱም እንደ ልማዱ አፍንጫውን የሕፃኗ አናት ላይ ደፋ፤ ሳበ፤ ደግሞ ሳበ። ቀና አላለም።

«ምን ምን ትላለች?» አለ።

ልጁ መልሱን ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት።