የመክፈቻ ንግግርና የጃናሞራ ገብስ

ደባርቅ ላይ ስብሰባ ዝም ብሎ አይጀመርም። መጀመሪያ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አለ። ቀጥሎ እንኳን ደህና መጣችሁ ያለውን ሰው የሚያመሰግን ንግግር አለ። ከዚያ የክብር እንግዳው ስብሰባውን በይፋ ይከፍታሉ፤ ከፍተው ሲጨርሱም ሌላ ሥራ ስላለባቸው ይሄዳሉ። ግማሹ ሰው ሊሸኛቸው ይወጣል፤ የወጣው አይመለስም። ዋናው ጉዳይ ለባዶ ወንበር ይቀርባል፣ አለዚያም «በጊዜ እጥረት ምክንያት» ለሌላ ቀን ይተላለፋል። የእኔ ገብስ እንዲህ ሲተላለፍ ከርሟል።

ትሕትና እባላለሁ፤ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ዳባት አጠገብ ባለች ትንሽ ማሳ ከጃናሞራ የመጣ ገብስ አጠናለሁ። ውርጭ ሌላውን ገብስ ሲያቃጥለው ይኼኛው ይተርፋል። ዘንድሮ ታዲያ የዞኑ የመሬት ኮሚቴ ማሳዋን ነጥቆ ለሌላ ሥራ ሊያውላት አሰበ። ለምን ብትሉ፣ የስብሰባ አዳራሽ ሊሠራባት። ያለው አልበቃ ብሏላ! ዛሬ ካላሳመንኋቸው በሬ በሚገባበት ወር ዶዘር ይገባል፤ የለፋሁበት ሁሉ ከአፈሩ ጋር ይዛቃል።

ምስክር እንዲሆኑኝ ዘሩን የሰጡኝን ገበሬ አያ ገዱን ከጃናሞራ አስመጣኋቸው። አጠገቤ ተቀምጠው የመጀመሪያውን ንግግር ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

«ልጄ፣ ገብሱ ጋ ሲደርሱ ቀስቅሽኝ» አሉና ተኙ። ቀናሁባቸው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሰይፈ ሥላሴ የሚናገሩት ሰዓት ስለማክበር ነበር። ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ከጥንት ጀመሩት። ገና ወደ ዘመናችን ሳይደርሱ በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ መብራት ጠፋ፤ ማይኩም ዝም አለ። አቶ ሰይፈ ሥላሴ ትንሽ ታገሉ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ እናያለን። የክብር እንግዳዋ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ብርዱ ሲብስባቸው ካፖርታቸውን ቆለፉ።

«መክፈቻው ይቅርና ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ በረደን እኮ!» አሉ።

ዋናው ጉዳይ እኔ ነበርኩ። ስላይድ የለ፣ ማይክ የለ። አያ ገዱን ቀስቅሼ ሰዉ መሀል ገባሁና ጮክ ብዬ ነገርኳቸው።

«ሴል ውስጥ ትእዛዝ እያነበበ ፕሮቲን የሚሠራ አንባቢ አለ፤ ራይቦዞም ይባላል። ይኼን ገብስ ከውርጭ የሚያድነው ፕሮቲንም ትእዛዝ አለው። ግን ከዋናው ትእዛዝ በፊት አጫጭር ንባቦች ተደርድረዋል። አንባቢው እነሱን ሲያነብ ይቆይና ዋናው ጋ ሳይደርስ ወርዶ ይሄዳል።»

አንድ ሰው ሳቀና በሳል ሸፈነው። እኔ ማርያምን ስለ ገብስ ነበር የማወራው።

«ታዲያ አጫጭሮቹ ምን ይሠራሉ?» አሉ አቶ ሰይፈ ሥላሴ፣ ከልባቸው።

«ተክሉ በደህና ቀን ጉልበቱን በከንቱ እንዳይጨርስ ይይዙታል። ውርጭ ሲመጣ ግን አንባቢው ለመጀመር የሚያስፈልገው ነገር ስለሚያጥረው ቶሎ አይዘጋጅም። ሳይዘጋጅ አጫጭሮቹን ያልፋቸዋል፤ ሲዘጋጅ ዋናው ላይ ደርሷል። ያን ጊዜ ፕሮቲኑ ይሠራል፤ ገብሱም ይተርፋል። አንድ ክረምት ብቻ ጨምሩልኝ።»

«ችግር በቅቤ ያስበላል ማለትሽ ነዋ» አሉ አያ ገዱ። «እውነቷን ነው፣ የጎረቤቴ አዝመራ ሲነድ የኔው ቆሞ አይቻለሁ።»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ክረምት ይጨመርላት የምትሉ እጅ አውጡና እንጨርስ።»

ይኼኔ መብራት መጣ። ማይኩ ጮኸ። የአቶ ሰይፈ ሥላሴ ፊት በራ።

«እንግዲህ መብራቱም ስለመጣ፣ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ያቋረጥኩትን የመክፈቻ ንግግር ላጠቃልል።»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ሰዓታቸውን አዩ። በሩ አጠገብ የነበሩት ከወንበራቸው ብድግ ማለት ጀመሩ። አያ ገዱ የጃናሞራው መኪና እንዳያመልጣቸው ዱላቸውን ፈለጉ።  ውርጭ ያልቻለውን ገብሴን ማጠቃለያ ሊገድለው ነው።

ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብዬ ወጣሁ። የአዳራሹን መብራት የሚቆርጠው ብሬከር ኮሪደሩ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ዋናው ላይ የሚደርሱት ሲቸግራቸው ብቻ እንደሆነ አሁን አይቻለሁ። ወደ ታች አወረድኩት።

ስመለስ ሰዉ መብራቱን እየረገመ ነበር። «እጅ አውጡ ብያለሁ» አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው። እጆች ወጡ። አቶ ሰይፈ ሥላሴም ግራ እጃቸውን አወጡ፤ በቀኛቸው ማይኩን ይዘዋል።

ማሳዬ አንድ ክረምት አገኘች። ብሬከሩን መልሼ ያነሳሁት ሁሉም ወጥተው ካለቁ በኋላ ነው።